የንቦቹ ጉባኤ

ተረት አለኝ፤ የንብ ነው፣ ግን አይጣፍጥም።

አንድ ተርብ ሰባኪ ነበር። ከየቀፎው ወጣት ንቦችን እየሰበሰበ፣ «ሌላውን ቀፎ የሚነድፍ፣ አበባው ከማይረግፍበት ገነት ይገባል» ይላቸዋል። ንብ ከነደፈች ትሞታለች፤ ተርብ ግን ነድፎም ይኖራል። ብዙ ልጆች አለቁ።

በመጨረሻ የሦስት አገር አውራ ንቦች ልጆቻቸውን ለመመለስ ባንድ ቀፎ ተሰበሰቡ። የተርብን ክፋት ሲያወሩ ዋሉና፣ ሳትነድፍ ያመለጠች አንዲት ወጣት ንብ ትመስክር ተባለ።

«ልጄ፣ ምን አይተሽ ተከተልሽው?» አለቻት የቤቱ አውራ።

«እመቤቴ፣ ዝናብ ይዞኝ ከማዶ አበባ ውስጥ አድሬ ስመለስ፣ በረኛችን ሽታሽ የኛ አይደለም ብላ መለሰችኝ። ተርብ ግን ግቢ አለኝ።»

«ጉድ ነው የናንተ በረኛ» ብላ ሳቀች አንዷ እንግዳ። «የኛዎቹስ እንዲህ አያደርጉም። ድምፅሽ ራቀብን፤ እስቲ ወደ ውስጥ ግቢና ንገሪን።»

«አልችልም፤ ዛሬም ከልክላኛለች» አለች ወጣቷ ከደጅ፣ ዝናቡ በክንፏ ላይ እየወረደ።

አውራዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እርስ በርስ መተያየትም አፈሩ። በረኛዋን ግን ዞር በይላት ያላት አልነበረም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።