ሠሪው ያልታወቀ ጃኬት

የገበያው ሹም አቶ አስናቀ፣ የተበደለ ሠራተኛ የሠራው ዕቃ እንዳይሸጥ ካስነገሩ ወዲህ ነጋዴው እንቅልፍ አጥቷል። አንድ ቀን አጃቢ አስከትለው የሳልባጅ ሻጯ ሱቅ ደረሱና ከመስቀያው ላይ አንድ ጃኬት አነሡ።

«አንቺ፣ ይኼን ማን ሰፋው?»

«ኧረ እኔ በምን ዐውቄ፣ ጌታዬ! ጨርቁ ካንድ አገር፣ ዚፑ ከሌላ አገር፤ እኔ ጋ የደረሰው በቦንዳ ታስሮ ነው።»

«ሠሪው ያልታወቀ ዕቃ የተጠረጠረ ዕቃ ነው። ሱቁ ይቆለፍ!»

የሴትዮዋ እንጀራ ያ ሱቅ ብቻ ነው። አጃቢው አዲስ ጓጉንቸር ከኪሱ ሲያወጣ ግን ፊቷ በራ።

«ጌታዬ፣ እሱንስ ማን ሠራው?»

አቶ አስናቀ ጓጉንቸሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ የሠሪ ስም አላገኙበትም።

«እንግዲያው እሱም የተጠረጠረ ነው» አለች ሴትዮዋ፤ «ከጃኬቱ ጋር ውስጥ ይቆለፍበት። በሩን በምን እንደሚቆልፉት ግን እርስዎ ያውቃሉ።»