ጉሬዛው ከወንዙ ማዶ ነው

ስሙኝ፤ አትቸኩሉ። በዚህ ነገር ውስጥ የቸኮለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ ሠላሳ ዓመት ስለ እንስሳት ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ጉሬዛን ግን ከሥዕል በቀር አይተውት አያውቁም። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቀኙን ደግሞ ሐኪሙ «ከክረምት አያልፍም» ብሎታል። ስለዚህ ዓይናቸው ሳይጨልም አንድ ጉሬዛ ለማየት ቦንጋ ጫካ ድረስ መጡ። የመመለሻቸው አውቶቡስ ነገ ጠዋት ነው።

መንገድ መሪው አደሎ ጫካው አፍ ላይ ቆመ።

«ጉሬዛዎቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው፣ እትዬ። መንገዱ በንብ አናቢው በኮቺቶ ዛፍ ሥር ነው የሚያልፈው። ዛሬ ቀፎ ይሰቅላል። እሱ ሳይፈቅድ አላልፍም።»

ኮቺቶ ባዶ ቀፎውን አቅፎ ዛፉ ሥር ተቀምጧል።

«ቀፎው ሳይሰቀል እንግዳ ሰው በሥሩ ካለፈ ንብ አይገባበትም» አለ። «የአባቴ ደንብ ነው።»

«ታዲያ ስቀለዋ!»

«በምን? ገመዴ ጎረቤቴ ወዳጆ ቤት ነው።»

ገመድ ከሌለ ቀፎው አይሰቀልም፤ ቀፎው ካልተሰቀለ ኮቺቶ አይፈቅድም፤ ኮቺቶ ካልፈቀደ አደሎ አያልፍም፤ አደሎ ካላለፈ ወይዘሮ ትርንጎ ጉሬዛ አያዩም።

ወዳጆ በገመዱ ላሙን አስሮበታል።

«ብፈታትማ በአቶ ሻዎ የፈረሰ አጥር ገብታ በቆሎውን ትጨርስበታለች። ባለፈው በሽማግሌ ነው የታረቅነው። አጥሩን ይጠር፣ እፈታታለሁ።»

አጥሩ ካልታጠረ ላሟ አትፈታም፤ ላሟ ካልተፈታች ገመዱ አይመለስም፤ ገመዱ ካልተመለሰ ቀፎው አይሰቀልም፤ ቀፎው ካልተሰቀለ ኮቺቶ አይፈቅድም፤ ኮቺቶ ካልፈቀደ አደሎ አያልፍም፤ ወይዘሮ ትርንጎም ጉሬዛ አያዩም።

አቶ ሻዎ በቆሎው መሀል ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ከዚህ ከወረድኩ ዝንጀሮ በቆሎዬ ውስጥ ይገባል» አሉ። «እሱን አነጋግሩት።»

ዝንጀሮው ካልራቀ ሻዎ አይወርዱም፤ ሻዎ ካልወረዱ አጥሩ አይታጠርም፤ አጥሩ ካልታጠረ ላሟ አትፈታም፤ ላሟ ካልተፈታች ገመዱ አይመለስም፤ ገመዱ ካልተመለሰ ቀፎው አይሰቀልም፤ ቀፎው ካልተሰቀለ ኮቺቶ አይፈቅድም፤ ኮቺቶ ካልፈቀደ አደሎ አያልፍም። ማንም ክፉ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ፀሐይዋ ግን አናት አልፋለች።

«ይውረዱ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«በየትኛው ዓይንዎ?»

«ዝንጀሮ በዓይን አይባረርም። ይውረዱ አልኩ!»

ሻዎ ሲወርዱ እሳቸው ወጡ። ወዲያው በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ወይዘሮ ትርንጎ ማየት አላስፈለጋቸውም።

«ዝም! ማነው እዚያ ኋላ የሚንጫጫው? ወደ ቦታህ!»

ሰማንያ ተማሪ ጸጥ ያሰኘ ድምፅ ነው። መሪው ዝንጀሮ በቆሎውን ጥሎ ሮጠ፤ መንጋውም ተከተለው። አደሎ እንኳ ሳያስበው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዝንጀሮው ራቀ፤ ሻዎ አጥሩን አጠሩ፤ አጥሩ ሲታጠር ላሟ ተፈታች፤ ላሟ ስትፈታ ገመዱ ተመለሰ፤ ገመዱ ሲመለስ ቀፎው ተሰቀለ፤ ቀፎው ሲሰቀል ኮቺቶ «እለፉ» አለ፤ ኮቺቶ ሲፈቅድ አደሎ አለፈ።

የሌሊቱ ዝናብ ቢያባራም ቅጠሉ ገና ያንጠባጥባል። ጭቃው የወይዘሮ ትርንጎን ጫማ ሁለት ጊዜ ነጠቃቸው። ወንዙን ተሻግረው አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሙ።

«ያውልዎት፣ እላይ!» አለ አደሎ።

«የታለ? ቅጠል ብቻ ነው።»

«ከቅርንጫፉ ባላ በላይ፣ ነጩ።»

ነጩ ተንቀሳቀሰ። ረጅም ጅራት ነበር፣ እንደ ጋቢ ዘርፍ የተንጠለጠለ። ከዚያ ጥቁሩ ፊት ወደ ታች ጎንበስ አለ፤ ቅጠል እያኘከ ወደ እሳቸው ተመለከተ።

«አዩት፣ እትዬ? አዩት?» አለ አደሎ።

«ዝም በል» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ በሹክሹክታ። «እያየሁ ነው።»