ካሜራው በፌስታል

አንድ ቀን፣ ስሟን ብጠራ በምትቀየመኝ አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ፣ የዓሣ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት አቶ ጥጋቡ ከስብሰባ ሲመለሱ አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ። ጎረቤት ወረዳ ተራራውን በድሮን አስቀርጾ ሲሞገስ አይተው ቀንተዋል። እኛ ደግሞ ከሐይቃችን ሥር ገብተን ዓሣውን በገዛ ቤቱ እንቀርጸዋለን ብለው ለበላይ አካል ቃል ገቡ። ለበላይ አካል የተገባ ቃል ደግሞ ወደ በታች ሠራተኛ መውረዱ አይቀርም።

ከሠራተኛው መሃል ቀረጻ የሚያውቅ ይርዳው የሚባል ሰው ብቻ ነበር። ይርዳው በሥራ ቀን የስብሰባ ፎቶ በስልኩ ያነሳል፤ እሑድ እሑድ ግን በራሱ ካሜራ ሠርግ እየቀረጸ ቤቱን ያስተዳድራል። የመሥሪያ ቤቱ ካሜራ ከተበላሸ ስለቆየ አቶ ጥጋቡ «ለልማት ነው፤ ያንተን አምጣ» አሉት። የሠርጉ ወር ጥር ደግሞ ደጅ ላይ ነው። በጥር ካሜራ የሌለው የሠርግ ቀራጭ፣ በሰኔ በሬ እንደሞተበት ገበሬ ማለት ነው።

ይርዳው እምቢ አላለም፤ አለቃ ነዋ። ብቻ የሚያስፈልገውን በትሕትና አስረዳ። ካሜራው ውስጡ ገብቶ የሚታሸግበት ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያስፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ የሚበራ መብራትና የተቀረጸውን የሚያቀናብርበት ደህና ኮምፒውተርም እንዲሁ። አቶ ጥጋቡ የማያውቁት ነገር አልነበረምና ለሁሉም መልስ ነበራቸው። መብራት ምን ያደርጋል፣ ፀሐይ አለች አይደል አሉት። ፀሐይዋ ከላይ ናት፣ ዓሣው ያለው ከታች ነው ቢላቸው፣ ወጣ ሲል ጠብቀህ ቅረጸው አሉት። ለማቀናበሪያ ደግሞ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር መች አነሰ፣ ያን ሁሉ ደብዳቤ የቻለ ኮምፒውተር አንድ ዓሣ ያቅተዋል ወይ አሉ። ሽፋኑ ላይ ሲደርሱማ ጭራሽ ሳቁ።

«ሽፋን ሽፋን የምትለው ፌስታል ማለት እኮ ነው። ደራርበህ ጠቅልለው፣ አፉን በላስቲክ እሰረውና ግባ። ሰው ስንት ወጥ በፌስታል ቋጥሮ ታክሲ ይሳፈራል፤ መቼ ፈሰሰ?»

ገንዘብ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ገንዘቡማ ለማስጀመሪያው በዓል ድንኳን፣ ለባነሩና የአቶ ጥጋቡ ፎቶ ለታተመበት ኮፍያና ቲሸርት ወጥቷል። ለእሽግ ውሃም ወጥቷል። ሐይቅ አፋፍ ላይ ተቀምጦ የእሽግ ውሃ መጠጣት የስብሰባችን ወግ ነው፤ ምን ይደረግ። ብቻ የቀረጻው ማስጀመሪያ ድግስ ሲሟላ፣ የጎደለው መቅረጫው ብቻ ሆነ።

የማስጀመሪያው ዕለት ሕዝቡ ኮፍያውን ደፍቶ ድንኳኑን ሞላው። ፊት ለፊት በአበባ ባጌጠ ጠረጴዛ ላይ «የውሃ ሥር ቀረጻ መሣሪያዎች» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ከጽሑፉ ኋላ ያለው በፌስታል የተጠቀለለው የይርዳው ካሜራና ዱላ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የእጅ ባትሪ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያውን ቀይ ሪባን ተወጥሮበታል፤ መቀሱም በሳህን ቀርቧል። አቶ ጥጋቡ በሙሉ ሱፍ ተነሥተው ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ንግግራቸው ከሐይቁም ይጠልቅ ነበር።

ሲጨርሱ ይርዳው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ለመናቸው። ጋሼ፣ ይኼ ካሜራ የልጆቼ እንጀራ ነው፣ ሽፋኑ እስኪመጣ እንኳ ይዘግይ አላቸው። አቶ ጥጋቡ ግን እሱ በጆሯቸው ለነገራቸው በማይክ መለሱለት።

«ይኼው ሕዝብ ይስማኝ፤ ይኼ መሣሪያ አንድ ጠብታ አያስገባም። አንተ ከፈራህ ፈራሁ በል። የኛ ሥራ ደፋር ነው የሚፈልገው።»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔን እዚህ ላይ ያናድደኛል፤ ሰው ተለምኖ እምቢ ይላል፣ የለማኙን ልመና ግን አደባባይ ላይ አያወጣም። ይርዳውም ሪባኑን ከጠረጴዛው ላይ ፈታ፣ መቀሱን ከነሳህኑ አነሣ፣ እጅ ነሥቶም በአቶ ጥጋቡ ፊት ቆመ።

«ክቡር ኃላፊ፣ መፍራትስ አልፈራሁም፤ ነውር ሆኖብኝ ነው» አለ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በዚህ መሥሪያ ቤት እርስዎ ሳይመርቁት የተጀመረ ምን ነገር አለ? አዲሱ መጸዳጃ ቤት እንኳ ሪባኑን ቆርጠው እስኪገቡበት ድረስ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ በር ላይ ጠብቆዎታል። ይኼ መሣሪያ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ከሐይቁ ሥር ስለሆነ፣ ሪባኑም የሚቆረጠው እዚያው ነው። እኔ ማን ነኝና ከእርስዎ ቀድሜ እገባለሁ? ይኼው መቀሱ፤ ይቅደሙ። ስለ ሱፍዎም አያስቡ፣ ፌስታል ተርፎናል።»

የመድረክ መሪው ልማድ ሆኖበት፣ ምን እንደተባለ እንኳ ሳያመዛዝን «አሁን ክቡር ኃላፊያችን ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በጭብጨባ!» ብሎ አወጀ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ግራና ቀኝ ተከፍሎም እስከ ውሃው አፋፍ ድረስ መንገድ ለቀቀላቸው። አቶ ጥጋቡ ውሃውን አዩ፣ ሱፋቸውን አዩ፣ የሚያጨበጭበውን ሕዝብ አዩ። ከዚያ ማይኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ይርዳው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ስማ እስቲ ወንድሜ፣ ያ ሽፋን ያልከው ነገር የት ነው የሚሸጠው?»