ቀጭን ትእዛዝ

ፊታውራሪ ገሰሰ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ የሠርጉ ክራር በአያቴ ብረት ካልተወጠረ ብለው ድርቅ አሉ። የአያታቸውን አሮጌ የበር መቀርቀሪያ አስነቀሉና አሸክመው አንድ ሽቦ ሳቢ ዘንድ ሄዱ። ክራር ደርዳሪውም ባዶ ክራሩን ታቅፎ ተከተላቸው።

ሽቦ ሳቢው መቀርቀሪያውን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ጌታዬ፣ ይሄ ብረት ሲቀልጥ በደንብ አልጠራም፤ ውስጡ ቆሻሻ ይዟል። ለክራር የሚሆን ቀጭን ሽቦ አይወጣውም» አለ።

«የአያቴ ብረት ነው እኮ!» አሉ ፊታውራሪ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሰውየው ብረቱን አግሎ ቀጠቀጠው። ከዚያም በተበሳሳ የብረት ሰሌዳ ከሰፊ ቀዳዳ ወደ ጠባብ ቀዳዳ እያሾለከ በጉጠት ይስበው ጀመር። ጥቂት ከሳበ በኋላ እንዲለሰልስ ብሎ ወደ እሳቱ ሊመልሰው ሲል ፊታውራሪ ጮኹ።

«ብረት ደከመው ብለህ ልታሳርፈው ነው? ዝም ብለህ ሳብ!»

ዝም ብሎ ሳበ። ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ። እንደገና ሳበ፤ እንደገና ተበጠሰ።

ፊታውራሪ በቁጣ መሬቱን በከዘራቸው መቱት። «ስማ! ከእንግዲህ ቢበጠስ ከነቤተሰብህ ከአገሬ ትነቀላለህ። ይህ ቀጭን ትእዛዝ ነው!»

ሽቦ ሳቢው ጉጠቱን አስቀምጦ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቤት ቀጥኖ ያልተበጠሰው ትእዛዝዎ ብቻ ነው። ከፈቀዱልኝ ክራሩን በእሱ ልወጥረው።»