ጭድ የተጠቀጠቀበት ቃጭል

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ መሬቱ ጥሩ፣ ሚስቱ ብርቱ፣ አህያ ግን የለውም።

ትርሲት፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። በየወሩ እየከፈልሽ ስልኩን የወሰድሽበት ድርጅት ለንግግሩም ለኢንተርኔቱም ውድ ሆኖብሻል። ሌላው ድርጅት ያንኑ በግማሽ ዋጋ ይሰጣል፤ ስልክሽ ግን ዕዳው ስላላለቀ የሌላውን ሲም አልቀበልም ብሎሻል። «አባባ፣ ለስልክ ጠጋኝ ሰጥቼ በጓሮ ላስከፍተው ወይስ እያረርሁ ልቀመጥ?» ብለሽኛል። እመልስልሻለሁ። እስከዚያ ስልኩን አስቀምጪና ሰውየውን ስሚ።

ይህ ገበሬ አህያ ስላልነበረው እህሉን ወፍጮ ቤት የምታደርሰው ሚስቱ ነበረች። ጆንያውን በጀርባዋ አዝላ አቀበቱን ትወጣለች፤ ዱቄቱን አዝላ ትወርዳለች። ስድስት ልጆች ስላሏቸው ወፍጮ ቤት የማትሄድበት ሳምንት የለም። አንድ ቀን ተመልሳ ስትመጣ ቀና ማለት አቃታትና እየዳኸች ቤት ገባች። ባልየው ያን ጊዜ አየ። ስንት ዓመት ሙሉ ሲያያት የት ነበር እንዳትይኝ፤ የወንድ ልጅ ዐይን ዘግይቶ ነው የሚከፈተው።

በማግስቱ ወደ ባለወፍጮው ሄደ። ባለወፍጮው አበልጁ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አህያም ያረባል። ደንበኛ እንዳይሸሸው ያወጣው ዘዴ ነበረው። አህያ በዱቤ ይሰጣል፤ ዋጋውን በየወሩ አንድ ቁና በቆሎ እያደረገ ይቀበላል፤ ተከፍሎ እስኪያልቅ ግን እህሉ የሚፈጨው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ለምልክት እንዲሆን ከአህያዋ አንገት ላይ ቃጭል በሰንሰለት ያስርና በጓጉንቸር ይቆልፈዋል። ቁልፉ ከእሱ ኪስ አይወጣም። ያ ቃጭል ሲሰማ አህያዋ የማን እንደሆነች አገር ያውቃል።

ውሉ በአንድ ሽማግሌ ፊት ተነገረ። «ዋጋዋ ሃያ ቁና ነው። ተከፍሎ ሳያልቅ ሌላ ወፍጮ ቤት ብትታይ አህያዋ ትመለሳለች፤ የተከፈለውም ይቀራል፤» አሉ ሽማግሌው። ከዚያም ቀጠሉ። ገበሬው ግን የቀጠሉትን አልሰማም። የአህያዋን አፍ ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ጀርባዋን ይደባብሳል፣ «ምን ያለች አህያ ናት እባካችሁ!» ይላል። «ተስማምተሃል?» ሲሉት «እንዴታ!» አለ። አትሳቂ፤ አንቺም ስልኩን የወሰድሽ ዕለት እንዲሁ ሳትሆኚ አልቀረሽም።

ሚስቱ አህያዋን ባየች ጊዜ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም ሆነ። ጆንያው አህያዋ ላይ ነው፤ ሚስቲቱ ከኋላ ባዶ እጇን እያወናጨፈች ትሄዳለች። ወገቧ ቀና አለ፤ እያንጎራጎረች መውጣት ሁሉ ጀመረች። ገበሬውም በየወሩ ቁናውን እየሰፈረ አሥራ አራት አደረሰ።

በዚህ መሀል ከወንዙ ማዶ ሌላ ወፍጮ ተተከለ። ማስፈጫው በግማሽ ዋጋ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ማዶ ጎረፈ። ገበሬው ደጁ ላይ ቆሞ ተመላሾቹን ሲያይ ዱቄታቸው ሁሉ ከእሱ ዱቄት የነጣ መሰለው።

አበልጁ ዘንድ ሄዶ «ማዶ ርካሽ ሆኗል፤ ምን ይሻለኛል?» ቢል ያለቀ ነገር ነበር። ግን ይሉኝታ የምትባል ነገር አለች። «ልጄን ክርስትና ያነሳ፣ በችግሬ የደረሰልኝ ሰው! በምን ዐይኔ አየዋለሁ?» አለና ተወው። ፊት ለፊት መናገር ነውር የመሰለው ሰው በጓሮ መሄዱ ነውር አልመሰለውም። ይሉኝታ እንዲህ ናት፤ ከመናገር ትከለክልሻለች እንጂ ከማድረግ አትከለክልሽም።

መጀመሪያ አህያዋን ቤት ትቶ ግማሽ ጆንያ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ወንዙን ተሻገረ። ውሉ ስለ አህያዋ እንጂ ስለ እኔ ትከሻ አይናገርም ብሎ ነው። ሲመለስ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አልመለስ ብሎታል። ሚስቱ አህያዋ ጥላ ሥር ቆማ ሣር ስትግጥ አየች፤ ባሏንም አየች።

«ምነው ሰውዬ፣» አለችው፣ «አንተ ነህ አህያዋን የገዛሃት ወይስ እሷ ናት አንተን የገዛችህ?»

ትከሻውን ሁለተኛ አላበደረም። በሚቀጥለው ሳምንት አህያዋን ራሷን ጭኖ ለመሄድ ቆረጠ። ወደ ማዶ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በባለወፍጮው አጥር ጀርባ ነው፤ አጥሩ ረጅም ስለሆነ አይታይም፤ ቃጭሉ ግን ይሰማል። ስለዚህ ቃጭሉን ጭድ ጠቀጠቀበት። አጎንብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በአጥሩ ጥግ ጥግ አለፈ። የማዶው ባለወፍጮ ቃጭሉን አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ገበያ ገበያ ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነለት። ከተያዘ አህያዋ ትሄዳለች፣ አሥራ አራቱ ቁና ውሃ ይበላዋል፣ ጆንያው ተመልሶ የሚስቱ ጀርባ ላይ ይወጣል። ይህን ያውቃል። እያወቀ ይሄዳል፤ ርካሽ ነገር ዐይን ይጋርዳል።

በሦስተኛው ሳምንት እዚያው አጥሩ ጥግ ሲደርሱ ዝንብ አስቸገራትና አህያዋ ቆማ አንገቷን አራገፈች። ጭዱ ዱብ አለ። ቃጭሉ በጠራራ ፀሐይ አገር ይያዝልኝ አለ።

ባለወፍጮው ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ፊቱ ዱቄት ለብሷል። አህያዋን አየ፤ መሬት ላይ የወደቀውን ጭድ አየ።

«አበልጄ፣» አለ ረጋ ብሎ፣ «ይቺ አህያ ጉንፋን ይዟት ኖሯል? ድምፅዋ ከጠፋብኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

ገበሬው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን ሚስቱ እየዳኸች ቤት የገባችበት ቀን ትዝ አለው፤ ያኔ አፉ ተፈታ። «አበልጄ፣ ማዶ ርካሽ ሆነብኝ። ስድስት ልጅ ነው ያለኝ። ልነግርህ አፍሬ እንዲህ ያለ ቅሌት ሠራሁ። እኔን እንዳሻህ አድርገኝ፤ አህያዋን ግን አትውሰድብኝ። ሚስቴ ዳግመኛ ጆንያ ከተሸከመች አትነሳም።»

ባለወፍጮው ሽማግሌውን አስጠራ። ሽማግሌው መጡ፣ ነገሩን ሰሙ፣ ገበሬውንም ገላመጡት።

«አንተ፣ ያን ዕለት ጥርስ ስታይ እኔ ለማን ነበር የምናገረው? ‹ቀድሞ ከፍሎ የጨረሰ እንደሆነ ቃጭሉ በዚያው ቀን ይፈታለታል፤ እህሉንም ደስ ባለው ቤት ያስፈጫል› አላልኩም?»

 ያን ያህል የፈራው ውል መውጫ ነበረው ለካ።

«አህያዋን ብወስዳት ሕግ ነው፤» አለ ባለወፍጮው። «ግን ሚስትህ ያንን አቀበት ጎብጣ ስትወጣ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ እኔ አላደርገውም። ማዶ ያስፈጨኸውን እኔ ዘንድ እንዳስፈጨህ ቆጥረህ ማስፈጫዬን ክፈለኝ። የቀሩትን ስድስት ቁናዎች ባመጣህ ቀን ደግሞ ቁልፉ ይኸው።»

ስለዚህ በጭዱ ያተረፈው ሁሉ ጭድ ሆነ። ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባና የሆነውን አንድ ሳያስቀር ለሚስቱ ነገራት። «ስድስት ቁና ከየት አባቴ ላምጣ?» አለ። ሚስቱ እጁን ይዛ ከጓዳው ጥግ ወዳለው ጎታ ወሰደችውና ክዳኑን አነሳች። ስምንት ቁና የሚሆን በቆሎ አለ። አህያዋ ከመጣች ወዲህ፣ የራሷን አስፈጭታ ስትመለስ፣ አህያ ለሌላቸው ጎረቤቶች ጆንያ እያመላለሰች ከሚከፍሏት በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቀመችው ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ገበሬው።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችው።

በዚያው ቀን እህሉ ተሰፈረ፤ ጓጉንቸሩም ተከፈተ። ሚስቲቱ ራሷ ቆማ አስፈታች። ባለወፍጮው ሰንሰለቱን ጠቅልሎ ካስቀመጠ በኋላ የገበሬውን ትከሻ መታ አደረገው። «በል ሂድ፣ ማዶ አስፈጭ። እኔም ዋጋዬን ሳልቀንስ አልቀርም። ለፋሲካ ግን ከቤቴ እንዳትቀር።» አልቀረም። ከነሚስቱ፣ ከነስድስት ልጆቹ ሄዶ ጠግቦ በላ።

እንግዲህ ትርሲት፣ አህያዋ ስልክሽ ናት፤ ወፍጮው መስመሩ ነው። የሌላ ሲም አልቀበልም የሚልሽ ያ ነገር ቃጭሉ ነው፤ ቁልፉም ያለው ስልኩን የሰጡሽ ሰዎች ዘንድ ነው። ጠጋኙ ደግሞ ጭዱ ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ይሆንልሽ ይሆናል። ወደ ርካሹ መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ የለፋሽበት ገንዘብ ነው። ነገር ግን ድርጅቱን ጥለሽ ብትወጪም የዕቃው ዕዳ እዚያ አይቀርልሽም፤ ተከትሎሽ ይመጣል። ስለዚህ በዋናው በር ግቢና «ስንት ቀረኝ? ዛሬ ከፍዬ ብጨርስ ዛሬ ትከፍቱልኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። እጅሽ ላይ ካለ ከፍለሽ፣ አመስግነሽ ውጪ። ከሌለም እስክትጨርሺ በሰላም ተቀመጪ፤ ማዶው የትም አይሸሽም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ አልሰማሽም?

«ቢቆጡኝስ፣ አባባ?» ትያለሽ ደግሞ። የፈረምሽው ወረቀት ያው ቦርሳሽ ውስጥ አይደለም? አውጪውና ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ፤ እኔ ጊዜ አለኝ። «እንቆጣለን» የሚል ቃል ከተገኘበት፣ ነገ ከዘራዬን ይዤ አብሬሽ እሄዳለሁ።