የሺመቤት ምንቸት አብሽ አማራት

ይሄ የሆነ ነገር ነው፤ ያልሆነም ከሆነ ስነግራችሁ ይሆናል።

ከደብረ ብርሃን ወረድ ብሎ ባለ አንድ ሰፈር ትርንጎ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሰው ሳታሞኝ ከዋለች ሌሊቱን ጥርሷን ሲያማት ያድራል። ታላቅ እህቷ የሺመቤት ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ጠዋት ትራሷን አቅፋ፣

«ትርንጎዬ፣ ምንቸት አብሽ አማረኝ» አለች።

«ሽሮ ብሠራልሽስ?»

«ሽሮውን አንቺ ብዪው! የተከተፈ ሥጋ፣ በበርበሬ ቀልቶ፣ በቅቤ ወዝቶ፣ አብሹ ሸተት ሲል ነው ያማረኝ። የነፍሰ ጡር አምሮት ካልወጣ ሕፃኑ ምልክት ይዞ ይወለዳል ሲባል አልሰማሽም? ደግሞ ማርገዜን ለማንም እንዳትተነፍሺ! የሰው ዓይን ክፉ ነው።»

ትርንጎ ሥጋውን አድቅቃ ከተፈች፣ ሽንኩርቱ ላይ አለቀሰች፣ ድስቱን ጣደች። ሽንኩርቱ በሰለ፣ ድስቱ ግን አኮረፈ።

«ድስቴ፣ ሥጋውን ልጨምርልህ?»

«ያለ በርበሬ አልቀላም፤ ሳልቀላ ደግሞ ሥጋ አላስገባም» አለ ድስቱ።

ትርንጎ እሳቱን ቀነስ አድርጋ ጎረቤት እትዬ ውዴ ቤት ሮጠች።

«እትዬ ውዴ፣ ድስቱ ያለ በርበሬ አልቀላም አለ! ትንሽ በርበሬ ይስጡኝ።»

«ለምንሽ ነው?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠችው። «ቆርቆሯችንን ልንቀባበት ነው።»

«ጉድ ፈላ! በርበሬዬ ያውልሽ፣ ተወቅጧል፣ አልተነፋም። ያለ ወንፊት ደግሞ አልነፋም። ወንፊቴን እማማ ዘርትሁን ተውሰው በዚያው ቀሩ።»

ትርንጎ እማማ ዘርትሁን ቤት ሮጠች።

«እማማ፣ ድስቱ ያለ በርበሬ አልቀላም አለ፤ እትዬ ውዴ ያለ ወንፊት አልነፋም አሉ። ወንፊቱን ይስጡኝ!»

«ማንን ልትጋብዙ ነው ልጄ?»

«ኤሊ።»

«ወግጂ! ኤሊ በርበሬ ሲበላ ማን አየ? ወንፊቱማ ይኸው፣ ግን ዶሮዬ እንቁላል ታቅፋበታለች። እሷን ለምኛት።»

ትርንጎ ዶሮዋ ፊት ቁጢጥ አለች። «ዶሪቱ፣ ድስቱ ያለ በርበሬ አልቀላም አለ፤ እትዬ ውዴ ያለ ወንፊት አልነፋም አሉ። ተነሺልኝ።»

«ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቆ? ያለ ገብስ አልነሣም» አለች ዶሮዋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና።

ገብስ ያለው ጋሽ ደርበው ጎተራ ነው። የጎተራው በር ላይ ደግሞ አህያቸው እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል።

«ጋሽ ደርበው፣ ድስቱ ያለ በርበሬ አልቀላም አለ፤ እትዬ ውዴ ያለ ወንፊት አልነፋም አሉ፤ ዶሮዋ ያለ ገብስ አልነሣም አለች። አንድ እፍኝ ገብስ ይስጡኝ!»

«ድግስ አለ እንዴ?»

«የአህያዎ ሰርግ ነው።»

«እንግዲያው ሙሽራውን አስነሥተሽ ገብሱን ውሰጂ። እኔ ከማለዳ ጀምሬ እየለመንኩት ነው።»

አህያው ጆሮውን አቆመ። «የኔ ሰርግ ከሆነማ ያለ ጨው አልነሣም።»

ትርንጎ እያለከለከች ጋሽ ሐሰን ሱቅ ደረሰች።

«ጋሽ ሐሰን! ድስቱ ያለ በርበሬ አልቀላም አለ፤ እትዬ ውዴ ያለ ወንፊት አልነፋም አሉ፤ ዶሮዋ ያለ ገብስ አልነሣም አለች፤ አህያው ያለ ጨው አልነሣም አለ። ጨው!»

ጋሽ ሐሰን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ያኔ ‹ፍየልዎ ቆርቆሮ ላይ ወጣች› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እሱ እንኳ...»

«ፍየል እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ቆርቆሮው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው! አሁንም ይሄ ወሬሽ ጭራ እንጂ ራስ የለውም። አህያው ጨው አለ፣ እሺ። ዶሮዋ ገብስ አለች፣ እሺ። ውዴ ወንፊት አለች፣ ድስቱም በርበሬ አለ፣ እሺ። ድስቱ ለማን ተጣደ? ያለ እውነት ጨው የለም።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ውሸት ትመጣለች ብላ ጠበቀች፤ አልመጣችም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፣ ሽንኩርቱ ሊያር ነው፣ እህቷ አልጋ ላይ ምራቋን እየዋጠች ነው። ብትናገር ምስጢር ይወጣል። ባትናገር አምሮት ይቀራል። ምስጢር ከወጣ እህቷ ትቆጣለች፤ ቁጣ ደግሞ ይበርዳል። የሕፃኑ ጉንጭ ላይ የሚቀረውን ግን ማን ያጥበዋል?

«የሺመቤት ምንቸት አብሽ አማራት» አለች በቀስታ። «ነፍሰ ጡር ናት።»

ጋሽ ሐሰን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አንቺ ልጅ! የነፍሰ ጡር አምሮት ቤት አስቀምጠሽ ስለ አህያ ታወሪኛለሽ? እንኪ፣ ሩጪ!»

ሮጠች። ጨው ለአህያው ሰጠች፣ አህያው ላሰና ተነሣ። ጋሽ ደርበው ነገሩን ሲሰሙ «አንድ እፍኝ አይበቃም» ብለው በሁለት እጃቸው ገብስ ዘገኑላት። ዶሮዋ ገና ገብሱን ሳታይ፣ «ለነፍሰ ጡር ነው? እኔስ ምን ላይ የተቀመጥኩ መሰለሽ!» ብላ ተነሣች። እማማ ዘርትሁን እንቁላሎቹን በእቅፋቸው ይዘው «ምነው ልጄ፣ ለኤሊ ነው ብለሽ!» እያሉ ወንፊቱን አራግፈው ሰጧት። እትዬ ውዴ በርበሬውን ነፉ፣ እያስነጠሱ መረቁ። በርበሬው ድስቱ ውስጥ ገባ፣ ድስቱ ቀላ። ቅቤው ገባ፣ ድስቱ ወዛ። ሥጋው ገባ፣ አብሹ ተነሰነሰ፣ ድስቱ ተንተከተከ፣ ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

የሺመቤትም በላች። ትርንጎ አንድ ጊዜ አቀረበችላት፣ ሁለተኛ አቀረበችላት፣ በሦስተኛው የሺመቤት «ድስቱን ራሱን አምጪው» አለች። ላብዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣

«እፎይ! ማንም አላወቀም አይደል?» አለች።

«ኧረ ማንም!» አለች ትርንጎ፣ ወደ ጣሪያው እያየች።

ይሄኔ በአጥሩ በኩል እትዬ ውዴ ተጣሩ። «የሺዬ! በርበሬው በዛ እንዴ? ለሕፃኑም አስቢለት!»

ከኋላቸው እማማ ዘርትሁን ቀጠሉ። «ሆድሽ ቀድሞሽ መንገድ መውጣት ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፤ መቼ ነው የምትነግረን እያልን በሰው ፊት ስንት ጊዜ ምላሳችንን ነከስን!»

የሺመቤት ወደ ትርንጎ ዞረች። ትርንጎ ደግሞ ወደ በሩ።

«ነይ ወዲህ፣ አንቺ ወሬኛ!» ብላ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ከድስቱ ውስጥ ሥጋ የበዛበትን ቦታ መርጣ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለለችና አፏ ውስጥ ወተፈችባት። «ይሄ አፍ በዚህ ካልተዘጋ በምንም አይዘጋም!»

ትርንጎ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ጉንጯ ተወጠረ፣ አላመጠች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች፣ አፏን መልሳ ከፍታ። «ድገሚኝ።»

ደገመቻት። አፍ ሲሞላ ወሬ ያልቃል፤ የኔም አለቀ።