ቁጥሯን ያልደበቀች መኪና

አንድ ሰው መኪና ሊገዛ ወጣ። ስሙን አልነግራችሁም። ምናልባት እዚሁ መካከላችን ተቀምጦ ይሆናል፤ ላሳፍረው አልፈልግም። ሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበረ። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ከአባቱ የወረሳትን ቁራሽ መሬት ሸጠና፣ "ታክሲ ሠርቼ ልጆቼን አስተምራለሁ" አለ። ሌላ የሚሸጥ ነገር የለውም። ከተሳሳተ ሦስት ሴት ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ።

ይህ ሰው መኪና ያውቃል። በምን ያውቃል? በጆሮው! ሞተር ሲያስነሱለት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና "ይቺ ፋሲካን አትሻገርም" ካለ፣ አትሻገርም። ጭሱን ያያል፤ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ያሸታል። ምን ዋጋ አለው፣ ዘንድሮ ገበያው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆነ።

ጫኔ የሚባል ደላላ አንዲት ነጭ መኪና ዘንድ ወሰደው። ሰውየው እንደ ልማዱ ኮፈኑን ከፈተ፤ ጎንበስ አለና "በል አስነሳት" አለ።

"ተነሥታለች እኮ ጋሼ!" አለ ጫኔ።

ምስኪን! ጆሮውን ቢያስጠጋ ዝም ነው። ቢያሸት ሽታ የለም። ጭሱን ልይ ብሎ ወደ ኋላ ቢዞር የጭስ ማውጫው ራሱ የለም። አትሳቁ፤ የሃያ ሁለት ዓመት እውቀት በአንድ ጠዋት ከእጅ ሲወጣ አያስቅም።

ገብቶ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው፤ ማንበብ የቻለው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። የወንበሩ ልብስ አዲስ ነው። ነገር ግን ወደ እግሩ ሲመለከት፣ የፍሬኑ መርገጫ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ሊታይ ደርሷል።

"ገና ልጅ ናት" አለ ጫኔ።

"ልጅ ከሆነች ታዲያ ይሄንን ማን ረግጦ ጨረሰው?"

"ሴት ናት ስትነዳት የነበረችው፤ ታኮ ጫማ ታበዛለች።"

ሰውየው መርገጫውን ደግሞ አየው። ማመንም አቃተው፣ አለማመንም አቃተው።

ከዚያው ግቢ ጥግ ሌላ ሰማያዊ መኪና ቆማለች። ባለቤቷ አቶ ይኄይስ የሚባሉ መሬት ቀያሽ ናቸው። ቁጥሯን ቢያይ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ! ሰውየው ደነገጠ። አቶ ይኄይስ ግን ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

"ሰባ ሺህ ሄዳ ነው የገዛኋት፤ የቀረውን እኔ ነኝ ገጠር ለገጠር ያዞርኳት። ድሮ አንዴ ሞልቻት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር፤ አሁን ሁለት መቶ ሃያ ላይ እጅ ትሰጣለች። ጠዋት ብርድ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ትቀንሳለች። እንዳትጣላኝ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።"

ጫኔ ሰውየውን እጁን ይዞ ገለል አደረገው። "ጋሼ፣ ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል። ይቺንም ቢሆን ቁጥሩ ከሆነ ያስጨነቀዎት ይግዟትና እኔ በግማሽ ቀን አርባ ሺህ አስደርግልዎታለሁ። ማን የማያደርግ አለ?"

እስኪ ልብ በሉ ወገኖቼ! እውነት የነገሩት ሰው አስፈሩት። የደበቀው ደላላ ደግሞ አረጋጋው። እናንተ ብትሆኑ የቷን ትመርጡ ነበር?

ሰውየው ቤቱ ገባ፤ ምሳ አልበላ፣ እራት አልበላ። አንዱ ጎረቤት "የኤሌክትሪክ መኪና ኪሎ ሜትር አይቆጠርባትም፣ ግዛ" አለው። ሌላው "ባትሪዋ ካለቀ ሬሳ ገዛህ ማለት ነው" አለው። ሁለቱም ኤሌክትሪክ መኪና ነድተው አያውቁም። ጭንቅላቱ ዞረ። በመጨረሻ ለሚስቱ ለአስካለ ነገራት።

"ሁለቱም አሮጌ ናቸው" አለች አስካለ። "የአንዷን እርጅና ነገሩህ፣ የሌላዋን ደበቁህ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።" ተረቱን እዚህ ቤተ ክርስቲያን በማምጣቴ ይቅር በሉኝ፤ የተናገረችው እሷ ናት።

"ባትሪዋ ቢሞትስ?"

"ቢሞት አብረን እናለቅሳለን። አታለሉን ብለን ግን አናለቅስም።"

በሦስተኛው ቀን ወደ አቶ ይኄይስ ተመለሰ። አሁንም አልጠራለትም። "ጋሼ ይኄይስ፣ ለምን ቁጥሩን አላስቀነሱትም? ይሄኔ ተሸጣልዎት ነበር" አላቸው።

"ቁጥሩን ባስቀንሰው ባትሪዋ ወጣት ትሆናለች እንዴ? አንተ ልጆችህን ጭነህ ዳገት ላይ ስትቆም እኔ ቤቴ ተኝቼ ነው የምሆነው።"

ሰውየው ሰማያዊዋን ሊገዛ ፈረመ። ባትሪዋ ስንት ዓመት ትቆያለች? እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ነገር ግን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የት ድረስ እንደምታደርሰው ያውቃል፤ ሳትደክም አቁሞ ይሞላታል። ሦስቱም ልጆች እየተማሩ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጫኔን አትርገሙት። ጫኔ በየቤታችን አለ። የንስሐ አባታችን መጥተው "እንዴት ናችሁ ልጆቼ?" ሲሉን ምን እንላለን? "ደህና ነን አባ፣ ትንሽ ቁጣ ብቻ።" ከወንድሙ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ያልተነጋገረው "ትንሽ ቅያሜ አለችኝ" ይላል። ደመወዙን መጠጥ ቤት የሚጨርሰው "ትንሽ እቀምሳለሁ" ይላል። ይሄ ማስቀነስ አይደለም? ቤት ያለችው ሚስት ግን መርገጫውን ታየዋለች። ልጅም ያየዋል። እነሱ ፊት ስንት ሺህ እንደሄድን የሚጠፋቸው ይመስላችኋል?

ለምን እናስቀንሳለን? እንዳንጣል ፈርተን ነው። ያወቁን እንደሆነ የሚፈልገን የለም ብለን ነው።

ያ ምስኪን ሰው ሦስት ቀን ግራ ገብቶት የሰነበተው የሚገዛትን ስለማያውቅ ነው። እኛን በደሙ የገዛን ጌታ ግን ግራ አልገባውም። የሄድንበትን ጠማማ መንገድ አንድ ሳይቀር ያውቃል፤ የትኛው ዳገት ላይ እንደምንቆም ያውቃል። አውቆ ገዛን እንጂ ተታሎ አልገዛንም። ታዲያ ከማን ነው የምንደብቀው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ። "ትንሽ" የምትለዋን ቃል ትታችሁ ንገሯቸው።